ዘይት የጠጣ የአየር ጠመንጃ

«በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ አለኝ። ጓሮዬ ቆርቆሮ እመታበታለሁ። ሰሞኑን ደርቋል ብዬ በአፈሙዙ በኩል የሞተር ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ከዚያ ወዲህ ስተኩስ ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ጥይቱም ያሻው ቦታ ያርፋል። ምን ይሻለኛል?» ይላል ከአሜሪካ የጻፈልኝ አንባቢ።

ወንድሜ፣ ጠመንጃህን ናፍጣ ሞተር አድርገኸዋል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በድንገት ሲታመቅ ይግላል፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ያ ግለት ነው። ያንተም እንደዚያው ነው። አፈሙዙን ስታጥፍ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሞላውን ይጨምቀዋል። ቃታ ስትስብ ሞላው ፒስተኑን ያስፈነጥረዋል፤ ከፊቱ ያለው አየር ታምቆ ጥይቱን ይገፋል። እዚያ ዘይት ካገኘ ያነደዋል። የሚነደው ዘይት በየምቱ ስለሚለያይ ጥይቱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። የሚያሳስበኝ ግን የፒስተኑ ጎማ ነው። ባለፈው ከፈታሁት አንዱ ላይ ጎማው ዳር ዳሩ ጠቁሮ እንደ አረረ እንጀራ ይፈረፈር ነበር።

ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጥ። ከዚያ ዘይት መያዙን እስኪያቆም ንጹህ ጨርቅ በአፈሙዙ ውስጥ ደጋግመህ አሳልፍ። ቀጥሎ 20 ወይም 30 ጥይት ተኩስ፤ ጭሱ እየቀነሰ ይሄዳል። በባዶው ግን በፍጹም አትተኩስ። አየሩን የሚያግድለት ጥይት ከሌለ ፒስተኑ ሄዶ ከብረቱ ይላተማል።

አሁንም ጉልበት ካነሰው፣ አፈሙዙ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ ቁራጭ ሶፍት አስቀምጠህ ተኩስ። ሶፍቱ ብድግ ካለ አየር እያመለጠ ነው፤ እዚያ ያለችውን የጎማ ቀለበት ቀይራት። ሶፍቱ ካልተነቃነቀ የፒስተኑ ጎማ አልቆ ሊሆን ይችላል። እባክህ በካቻቢቴ ብቻ እንዳትፈታው። ሞላው እንደታመቀ ስለሆነ ይፈናጠርብሃል። ሞላ መጭመቂያ ያለው ባለሙያ ጋ ውሰደው።

የአየር ጠመንጃ ድሮም ችግሩ አየሩን ይዞ ማቆየት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1780 ገደማ ጀምሮ የኦስትሪያ ጦር ጂራርዶኒ የተባለ ሰው የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። እሱ ሞላ የለውም፤ ሰደፉ ራሱ የአየር ሲሊንደር ነው። ለመሙላት 1500 ጊዜ ያህል በእጅ ፓምፕ መንፋት ይጠይቅ ነበር። ሲሞላ ግን 20 ያህል ጥይት ያለ ባሩድ ጭስ ይተኩሳል። ያን ሁሉ አየር የሚያግደው ቆዳ ነበር፤ ቆዳው በውሃ ካልራሰ አየሩ ሾልኮ ያልቃል።

ያንተ ጎማ ውሃም የሞተር ዘይትም አይፈልግም። ለአየር ጠመንጃ የተሠራ የሲሊኮን ዘይት ግዛ። አንድ ጠብታ፣ እሱም አልፎ አልፎ ብቻ።