«ለማን ብላ ነው የተወችው?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጓደኛዬ በፍላሽ ጭና ሁለት ፊልም ሰጠችኝ፤ የሕንድ «ፋየር» እና የእንግሊዝ «ኢማጂን ሚ ኤንድ ዩ»። በሁለቱም ባለትዳር ሴቶች ከሴት ጋር ፍቅር ይዟቸው ባላቸውን ይተዋሉ። የአንዱ ባሎች ክፉ፣ የሌላው ባል መልአክ። እኔም አምና ፈትቻለሁ፤ ባሌ ክፉም መልአክም አልነበረም። ሰፈሩ ግን «ለማን ብለሽ ነው?» እያለ ያደርቀኛል። ፊልሞቹስ ለምን እንዲህ ይሠሯቸዋል?
ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ስምሽ እኔው ጋ ይቀራል።

ባሎቹን እንደዚያ የሚሥሏቸው ተመልካች ሴቲቱን እንዳይጠላት ነው። ባል ክፉ ከሆነ «እሰይ፣ ተገላገለች» እንላለን። መልአክ ከሆነ ደግሞ እሱው ራሱ በሩን ይከፍትላታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የእንግሊዙ ፊልም ሙሽራዋ በሰርጓ ዕለት ዐይኗ አበባ ሻጯ ላይ ያርፋል፤ ኋላ ነገሩ ሲገለጥ ለቅቆ የሚሄደው ባል ነው። ደግ ሰው ነው፣ አልክድም። ግን ደግነቱ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ደራሲውን ነው፤ ከባዱን ትዕይንት ከመጻፍ ገላገለው።

የዲፓ ሜህታ «ፋየር» (1996) ይሻላል፣ በባሎቹ ግን አይደለም። አንዱ ውሽማ አለው፣ ሌላው ለመንፈሳዊ መምህሩ ብሎ ከሚስቱ መኝታ ለይቷል፤ ይህን እዚያው እናልፈዋለን። አማቲቱን አስተውለሻታል? ሽባ ናት፣ አንደበቷ ተይዟል፤ ስትፈልጋቸው ደወል ታቃጭላለች። ሁለቱ ፍቅረኞች፣ ምራቶቿ፣ ወጥ እያማሰሉም ይሁን እያወጉ ደወሏ ከጮኸች መነሳት ነው። አማት ቤት ለኖረች የወሎ ሴት ይህን ማስረዳት አያሻም። ትዳሩ ምን እንደሚመስል የነገረችኝ ያቺ ደወል ናት። መጨረሻ ላይ የታላቂቱ ምራት፣ የራድሃ፣ ሳሪ በማድቤት እሳት ሲያያዝ ባልየው እናቱን ታቅፎ ይወጣል እንጂ ሚስቱ ላይ የተያያዘውን እሳት ለማጥፋት እጁን አይዘረጋም። ፊልሙን ጠልተው በ1998 ሙምባይ ውስጥ ሲኒማ ቤት የሰባበሩት ሰዎች ይህን ትዕይንት እስኪጨርሱ የጠበቁ አይመስለኝም።

አሁን ያንቺን ጥያቄ ወደሚመልሰው ፊልም ልውሰድሽ። «ዴዘርት ሃርትስ» ይባላል፤ ዶና ዳይች በ1985 ያወጣችው ነው። ታሪኩ በ1959 ነው። ቪቪያን የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ከኒው ዮርክ ወደ ኔቫዳዋ ከተማ ሪኖ የመጣችው ለመፋታት ነው። በኔቫዳ ሕግ ስድስት ሳምንት የተቀመጠ ሰው ፍቺ ማግኘት ይችል ነበርና። ከባቡር ስትወርድ ልቧ ውስጥ ማንም የለም፤ ኬይ የምትባለዋን ወጣት የምታገኛት ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ክፉ ይሁን ደግ ፊልሙ አያሳየንም፤ አያስፈልግማ! ትዳሩ አልቋል፣ ሴቲቱ ወጥታለች፣ በቃ። ለማንም ብላ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ የልጅ ነገር የለበትም። ለዚያ «ካሮል» የተባለውን ፊልም (2015) አስከትዪ። የካሮል ባል ልጃቸውን ሊያስቀርባት ሰው ቀጥሮ ድምጿን በድብቅ ያስቀዳባታል። እሷ ጠበቆቹ ፊት ተቀምጣ «ልጄ እሱ ጋ ትደግ፣ እኔ ግን ልያት» ትላለች። ሽማግሌ ወይ ቃዲ ፊት ቀርበሽ ከሆነ ያን ጠረጴዛ ታውቂዋለሽ።