ቀይ ፓንዳ የማን ዘመድ ነው? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ስለ ሥጋ በል አጥቢዎች የዘር ሐረግ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አደራ፣ "ፓንዳ" ብላችሁ አታቁሙ፤ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ጠያቂ 1፦ ቀይ ፓንዳ ትንሽ ድብ ነው?

መላሽ፦ አይደለም። ግዙፉ ፓንዳ ነው ድብ። ቀዩ የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ዛሬ በሕይወት የቀረው የዚያ ቤተሰብ አባል እሱ ብቻ ነው። ከሌሎቹ የሚቀርቡት ራኩን፣ ስካንክና ዊዝል የሚባሉት ትናንሽ አጥቢዎች ናቸው። ስሙም ቢሆን የቀዩ ነው! ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፍሬዴሪክ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1825 ሲመዘግበው፣ ግዙፉን የአውሮፓ ሳይንስ ያወቀው በ1869 ነው። ተዋሹ ግዙፉ ነው፤ ሰው ግን ባለቤቱን እንደ ተዋሽ ያየዋል።

ጠያቂ 2፦ ካልተዛመዱ ሁለቱም "ስድስተኛ ጣት" እንዴት ኖራቸው?

መላሽ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ነገሩ ጣት አይደለም፤ በአውራ ጣት በኩል ያለች የእጅ አንጓ አጥንት አድጋ ነው። ሁለቱም ቀርከሃ ይጨብጡባታል። ታዲያ ማድሪድ አጠገብ የቀይ ፓንዳ ጥንታዊ ዘመድ የሆነ፣ ሲሞሲዮን የሚባል አውሬ ቅሪት ተገኘ። ፑማ (የአሜሪካ ትልቅ የዱር ድመት) የሚያክል ነው፣ ጥርሱ የቀርከሃ በላተኛ አይደለም፣ አጥንቷ ግን አለችው! ስለዚህ በቀዩ ወገን መጀመሪያ የጠቀመችው ዛፍ ለመውጣት ነው ተብሎ ይታመናል፤ ቀርከሃው በኋላ መጣ። በድቡ ወገን ለብቻዋ የበቀለች ናት። መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም፤ ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው።

ጠያቂ 3፦ ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። ለመጥፋት የተቃረበ የዱር እንስሳ ነው። ቀጣይ።

ጠያቂ 4፦ ምግቡስ?

መላሽ፦ በብዛት የቀርከሃ ቅጠል። አንጀቱ ግን የሥጋ በል ነው፣ ቀርከሃን በደንብ አይፈጭም፤ ብዙ የሚበላው ለዚያ ነው።

አባል ሀ፦ ዝርያው አንድ ነው ሲባል ነው የማውቀው።

አባል ለ፦ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዘረመል ጥናት የሂማላያና የቻይና ብሎ ለሁለት ከፍሎታል።

አባል ሀ፦ በየጥናቱ ዝርያ ስንሰነጥቅ ልንኖር ነው?

አባል ለ፦ ዘረመላቸው ከተለያየ ምን ይደረግ?

አባል ሐ፦ የኢንተርኔት ማሰሻው ስም ፋየርፎክስም እኮ የቀይ ፓንዳ ስም ነው፤ ምልክቱ ላይ ግን ቀበሮ አለ።

መላሽ፦ ክፍፍሉን እኔም እቀበላለሁ። ቀበሮ ግን እባካችሁ አታምጡብኝ፣ ድቡ ይበቃኛል።

ጠያቂ 5፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ ፓንዳ ድብ ነው?

መላሽ፦ የትኛው?