«ገሰሰ» ተብሎ ሲፈለግ «ገሠሠ» የማይገኘው ለምንድን ነው?

በሙዚቃ መተግበሪያዎ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች በ«ገሰሰ» ሲፈለጉ የማይገኙት፣ ኮምፒውተሩ «ሠ»ን እና «ሰ»ን በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ሰንጠረዥ 16 ቦታ የተራራቁ ሁለት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ስለሚያያቸው ነው።

በመተግበሪያው የመረጃ መዝገብ ውስጥ ለስሞቹ ሁለተኛ ዓምድ ይክፈቱና በዚያ ውስጥ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ»፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለውጠው ያስቀምጡ። «ሃ» እና «ኣ»ም ከ«ሀ» እና ከ«አ» ጋር ይጠቃለሉ። ተጠቃሚው የሚጽፈውን ቃልም በዚያው መንገድ ለውጠው በዚህ ዓምድ ውስጥ ይፈልጉት።

ዋናውን ጽሑፍ ግን ፈጽሞ አይንኩ። ቱሉ ዲምቱ በአንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል ሦስት ሆነን ሥራ ስንጀምር፣ እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ለውጡን በዋናው መዝገብ ላይ ስላደረግኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸውን ድምፃውያን ስም አዛብቼ፣ ከካሴት ሽፋን ላይ አንድ በአንድ እያነበብን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።