ጉድጓዱን እናሳየው ወይ?

ልጆቼ፣

ቴአትራችንን ወደ ፊልም ስንመልስ፣ እህቲቱ ከውኃ ጉድጓዱ ተመልሳ የደረሰባትን ለወንድሟ የምትናገርበትን መነባንብ ቆርጠን፣ የደረሰባትን እዚያው ጉድጓዱ ጋ ሄደን ብንቀርጸውስ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ይህ ጥያቄያችሁ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ቆርጬዋለሁና።

ያኔ ወደ ፊልም በመለስነው ቴአትርም እህትና ወንድሙን ያገለለው መንደር አይታይም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ፊልም ሲሆን ያንን መንደር ለማሳየት ያልቸኮለ የለም። 60 አጃቢ ተዋናይ ተሰበሰበ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀረጸ፣ ምስሉም አማረ። ኤዲቲንግ ላይ ግን መንደሩ መልክ አወጣ፤ ተመልካቹ ክፉውንና ደጉን ይለይ ጀመር፣ መገለሉም ተራ ጠብ ሆኖ አረፈው። ከሁሉ የከፋው የወንድምየው ነገር ነው። በመድረኩ ላይ እሷ ስትናገር እሱ የጫማውን ክር ያስራል፤ «የጠጣሁበትን ኩባያ ሦስቴ አጠቡት» ስትል ጣቶቹ ቀጥ ይላሉ። ትዕይንቱ ማለት እነዚያ ጣቶች ነበሩ። ተናጋሪዋ ስትቆረጥ አድማጩም አብሮ ተቆረጠ።

የእናንተ መነባንብ መድረክ ላይ 4 ደቂቃ ከፈጀ ወደ አንድ ተኩል አውርዱት። «እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚለው ይውጣ፤ እጇ እየታየ ምን ሊሠራ? ተዋናይቱ ለኋላ ወንበር የለመደችውን ድምፅ ይዛባችሁ ትመጣለች። «ቀንሺ» ብትሏት ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ፊቷ እዚያው መድረክ ላይ ይቀራል። ይልቅ ወንድሟን አጠገቧ አስቀምጡላት፣ ለእሱ ብቻ ትንገረው። መጀመሪያ የእሱን ማዳመጥ ሳታቋርጡ ፊትን አቅርቦ በሚያሳየው ባለ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ቅረጹ፤ እሷም ከካሜራው ጎን ሆና የምሯን ትናገር። ስትጨርሱ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ጸጥታ 30 ሰከንድ ቅዱ። ያ ከሌለ ንግግሩን በቆረጣችሁበት ሁሉ የጀርባው ድምፅ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሁለቱን እስኪጣሉ ድረስ በአንድ ፍሬም አቆዩአቸው። ከዚህ ዓለም ያላቸው እርስ በርሳቸው ነውና፣ ለየብቻ የምታሳዩአቸው የተጣሉ ዕለት ብቻ ይሁን። የደራሲውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ድሮን ካላስነሳችሁ ፊልም የሠራችሁ አይመስላችሁም። ከላይ ሲታይ የተገለለውም ያገለለውም እኩል ነጥብ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ ጉድጓዱ ጨርሶ አይታይ ማለት ይከብደኛል። ካማራችሁ አንድ ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይደርስ ብቻዋን ስትቀዳ አሳዩዋት፤ 10 ሰከንድ ይበቃል። ኩባያ ግን አይኑር፣ በእፍኟ ትጠጣ።