ማስረጃው እጄ ላይ ነው፤ ላጋልጠው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ ባልደረባዬ በሐሰት ከሶኝ ከሥራ ታግጄ ነበር። ተጣርቶ ነጻ ወጣሁ። እሱ ግን ይቅርታ እንኳ አልጠየቀኝም። አሁን ደግሞ እሱን ጉድ የሚያፈላበት ማስረጃ እጄ ገብቷል። ወዳጆቼ «እግዜር ነው ያመጣልህ፣ የእጁን ስጠው» ይሉኛል። ዝም ብል ሞኝ መባሌ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወዳጆችህ ያሉህን የዳዊት ሰዎችም ብለውታል። ንጉሥ ሳኦል 3000 ሰው ይዞ ዳዊትን ሲያሳድድ፣ ዳዊትና ሰዎቹ ወደተደበቁበት ዋሻ ብቻውን ገባ። የዳዊት ሰዎችም «እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ የሰጠበት ቀን ዛሬ ነው» አሉት (1ኛ ሳሙኤል 24)። ዳዊት ግን የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያችው ለቁራጭ ጨርቅ እንኳ ልቡ ወቀሰው። ነገር ስለተመቻቸ ብቻ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አይባልም።

ዳዊት ግን ዝም አላለም። ተከትሎት ወጥቶ ተጣራ፣ ቁራጩን አሳየው፣ የሰው ወሬ ለምን ትሰማለህ አለው። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ በደሉን ፊት ለፊት ነገረው። ይቅር ባይ ሰው አፉን ይዘጋል ያለው ማን ነው?

ወደ ማስረጃው ልምጣ። ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። የግል ገመናው ከሆነ ዛሬውኑ አጥፋው፤ ነገ ካልክ አታጠፋውም። ገንዘብ እያጎደለ ወይም ሌላ ሰው እየጎዳ ከሆነ ግን መሸፈኑ ምሕረት አይደለም፤ ለሚመለከተው ክፍል አቅርበው። ከዚያ በፊት ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ይህንኑ የሠራው የምትወደው ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? «እሱንስ ጠርቼ እመክረው ነበር» ካልክ፣ የያዘህ ቂም ነው። አንጀታችን ቅቤ እንዲጠጣ የምናደርገውን ሁሉ «ለፍትሕ ብዬ ነው» ማለት እንወዳለን። ጳውሎስ ግን «ተወዳጆች ሆይ፥ ራሳችሁ አትበቀሉ» ይላል (ሮሜ 12፥19)።

ሞኝ መባሉን ተወው፤ በጌታችንም ተዘብቶበታል።

ይቅር ብለኸው ቂሙ ጠዋት ተመልሶ ቢመጣብህ አትደንግጥ። ያንኑ አንድ በደል ደጋግሞ ይቅር ማለት ያለ ነው። አባታችን ሆይ ስትል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስትደርስ ስሙን በልብህ ጥራው። መጀመሪያ ላይ ይተናነቅሃል፣ ቢሆንም ጥራው።

እንደ ድሮው ጓደኛው ሁን ግን አልተባልክም። ሳኦል በዚያ ቀን አልቅሶ «አንተ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ» ብሎታል። ሆኖም ሳኦል ወደ ቤቱ ሲሄድ ዳዊት ወደ አምባው ነው የወጣው። ደግሞም ልክ ነበር፤ ሳኦል በኋላ እንደገና ሊፈልገው ወጥቷል (ምዕራፍ 26)። ስለዚህ ሰላምታህን አትንፈገው፤ የሚያስፈርምህን ወረቀት ግን ሁለቴ አንብብ።