ማክ አድራሻው ኤፍኤፍ እና 3ኤፍ የሚያፈራርቀው ካርድ

ጥያቄ፦ ሪልቴክ 8139 ያለበት የፒሲአይ ኔትወርክ ካርዴ ኢኢፕሮሙ (የካርዱን አድራሻና ቅንብር የሚይዘው ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ) ተቀይሮለት ከጥገና ተመለሰ። ሊነክስ ካርዱን ያየዋል፤ ማክ አድራሻው (ካርዱ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ባለ 6 ባይት ቁጥር) ግን ኤፍኤፍ፣ 3ኤፍ እያለ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ ኔትወርኩም አይነሳም።

መልስ፦ የምጠረጥረው ያንኑ የተቀየረውን ቺፕ ነው። ሁሉም ኤፍኤፍ ቢሆን ኖሮ 4ኛውን እግር፣ የዳታ መውጫውን ብየዳ ይዩ እል ነበር። 3ኤፍ ካለበት ግን ቺፑ እየመለሰ ነው። ላዩ ላይ ካርዱ የሚፈልገው 93ሲ46 ሳይሆን 93ሲ56 የሚል ጽሑፍ ሳያገኙ አይቀሩም።

ካርዱን ከመንካትዎ በፊት የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 46ቱ ባለ 16 ቢት 64 ክፍሎች አሉት፤ አንዱን ለመጥራት 6 ቢት ይበቃል። 56ቱ 8 ቢት ይጠብቃል። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው የሊነክስ ፕሮግራም) የትኛው እንደተበየደ ስለማያውቅ መጀመሪያ በ8 ቢት ክፍል 0ን ይጠይቃል። መልሱ በሄክሳዴሲማል 8129 ከሆነ በ8 ይቀጥላል፤ ካልሆነ በ6፤ ከዚያ ማክ አድራሻውን ከክፍል 7፣ 8 እና 9 ያነባል። ክፍል 0 ባዶ የሆነ 56 ላይ ድራይቨሩ ወደ 6 ይወርዳል፤ ቺፑ ግን ገና ሁለት ቢት ይጠብቃል። ለማንበብ የተላኩትን ሁለት የክሎክ ምቶች እንደ ዜሮ ቆጥሮ 7ን 28፣ 8ን 32፣ 9ን 36 ያደርጋቸዋል። እነዚያ ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ ባዶ ማለት ሁሉም 1 ነው። ሁለቱ ቢቶች ስለባከኑ የሚደርሰው ሁለት ዜሮና 14 አንዶች፣ ማለትም 3ኤፍኤፍኤፍ ነው። ዝቅተኛው ባይት ስለሚቀድም ኤፍኤፍ፣ 3ኤፍ ሆኖ ይታያል። በኤፍኤፍ የሚጀምር አድራሻ ደግሞ የአንድ ካርድ ሊሆን ስለማይችል ሊነክስ አይቀበለውም።

ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው ብሎ ያገኙትን መበየድ ጥገና አይባልም። 93ኤልሲ46ቢ ይግዙ። «ኤ» የሚለው ክፍሎቹ ባለ 16 ሳይሆን ባለ 8 ቢት ብቻ ናቸው፤ «ሲ» ከሆነ 6ኛው እግር ከቪሲሲ (ከቺፑ የኃይል መግቢያ) መገናኘት አለበት። ላዩ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ርካሽ ቺፕ አይውሰዱ፤ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልግዎታል ስህተቱን ለመፈለግ።

ፕሮግራመሩ (ቺፑን የሚያነበውና የሚጽፍበት መሣሪያ) 93 ተከታታይን መደገፉን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ርካሾች 24 እና 25 ተከታታይ ቺፖችን ብቻ ያነባሉ። ቺፑን ካርዱ ላይ እንዳለ አይጻፉበት፤ ፕሮግራመሩ መላውን ካርድ ለመመገብ ይሞክራል። አሮጌው ቺፕ ካለ ይዘቱን ወደ አዲሱ ይቅዱ። ከሌለ ከተመሳሳይ ካርድ 128ቱንም ባይት ወስደው፣ ከ0 ሲቆጠር ከ14 እስከ 19 ያሉትን ብቻ በራስዎ ካርድ ስቲከር ላይ ባለው አድራሻ ይተኩ። ማክ አድራሻውን ብቻ ጽፈው ሌላውን ባዶ አይተዉ፤ የካርዱ መለያና ቅንብር እዚያ ነው። ፕሮግራሙ በ16 ቢት የሚያሳይ ከሆነ 00 ኢ0 የሚለው ኢ000 ሆኖ ይታያል፤ ስህተት አይደለም። ከሌላው ካርድ የተቀዳውን አድራሻ ሳይቀይሩ ከተዉት ግን ሁለቱ ካርዶች በአንድ ኔትወርክ ላይ ይጋጫሉ።

ካርዱን ሲመልሱም ገመዱ ከግድግዳው የተነቀለ ይሁን።