ፊደሉ ይገልበጥ፤ ማንም እንዳያስተካክልልሽ

እህቴ፣ «ሲሽከረከር ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ፌናኪስቶስኮፕ ለልጆች በሊኖ (ተቀርጾ እንደ ማኅተም በሚታተም ለስላሳ ንጣፍ) ልሠራ ነው፤ ሥዕሉ ሥር ስሙንም እጽፋለሁ። በእጄ ላትም ወይስ ማተሚያ ቤት ልውሰደው?» ብለሻል። በእጅሽ አትሚ።

1. ክቡን ካርቶን በፕሮትራክተር ለ12 ክፈይው። በየ30 ዲግሪው አንድ ሥዕል፣ አንድ የምታጮልቂበት ስንጥቅ። ስንጥቁ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይስፋ፤ ከሰፋ ሥዕሉ ይደበዝዛል። 12 ሊኖ እየቀረጽሽ ግን አትልፊ። እኔ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ስሠራ ገላዋን በአንድ ሊኖ፣ አንገቷን በሌላ ትንሽ ቁራጭ ቀረጽኩ። ገላዋ እንዳለ ይታተማል፤ አንገቷን በየተራው ዝቅ፣ ከዚያ መልሶ ከፍ ማድረግ ነው። ማተሚያ ማሽን የለኝም፤ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ነው የማሸው። ያየ ሁሉ «በኮምፒውተር ነው አይደል?» ይለኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

2. ጽሑፉ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሊኖ ላይ የቀረጽሽው ሲታተም ግራ ቀኙ ስለሚዞር ሰው ፊደሉን ገልብጦ ይቀርጻል። ለዚህኛው ግን አያስፈልግም! መስታወት ፊት ቆመሽ፣ ሥዕሉን ወደ መስታወቱ አዙረሽ፣ በስንጥቁ አጮልቀሽ ነው የምታዪው። ቤልጂጋዊው ጆሴፍ ፕላቶ እ.ኤ.አ. በ1832 ሲሠራውም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ቀጥ አድርገሽ ቅረጪ። ካርቶኑ ላይ ይገለበጣል፣ መስታወቱ ያቃናዋል።

ይህንን ሁሉ ለአንድ ማተሚያ ቤት አስረድቼ፣ ጠርዙ ላይም «እንዳትነኩት» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ልረከብ ስሄድ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ «ተገልብጦብህ ነበር፤ አስተካክለንልሃል» አይለኝም! ሙሉ ትዕዛዙ ላይ «ዶሮ» ቀጥ ብላ ታትማለች። መስታወታቸው ፊት ይዤ አሳየሁት። «ታዲያ ልጆቹ ለምን ወረቀቱን አያዩም?» አለኝ። ቀብዴን መመለሱ ቀርቶ ቀሪውን ክፈል ተባልኩ፣ ያውም የማስተካከያ ሒሳብ ተጨምሮበት። ውለታ መዋላቸው ነው።

3. ምን ልል ነበር... አዎ፣ ካርቶኑ አንጸባራቂ አይሁን፤ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅበትም። ስንጥቁንም ቀለሙ ሳይደርቅ አትቁረጪ። ወደ ዓይንሽ የሚዞረውን ጀርባውን ጥቁር ቀቢው፤ ሥዕሉ ጎልቶ የሚታይሽ ያኔ ነው።

ጽሑፍ የሌለበት ከሆነ ማተሚያ ቤትም ይሁን። ብቻ ቀብድ ብዙ አትስጪ።